«ግብህን አትንካው» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ስለ ሕይወት ግብ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ስላየሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ጸሐፊው ለአንባቢያቸው በጎ የሚያስቡ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ምክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የአሥር ዓመት ግብህን ዛሬ በወረቀት አስፍር፤ የሚፈጸምበትንም ቀን ቁረጥ፤ ከዚያ በኋላ አትንካው። በየማለዳው ዓይንህን ጨፍነህ ስኬትህን በዓይነ ሕሊናህ ተመልከት። አዲስ ልማድ በ21 ቀን ሥር ይሰድዳል። ግብህን ለምታውቀው ሰው ሁሉ አውጀው፤ እፍረቱ ወደ ኋላ እንዳትል ይይዝሃል። ሌላ አማራጭ አታዘጋጅ። ይህን ሁሉ ተከትሎ ያልተሳካለት ሰው ካለ ደግሞ የጎደለው ቁርጠኝነት ነው።

ሰው ስለ ነገው አስቀድሞ ማሰብ፣ ያሰበውንም መጻፍ አለበት በሚለው እስማማለሁ፤ አጥብቄም እስማማለሁ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዕቅድ ሰው የሚገለገልበት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ በሰው ላይ የሚፈርድ ዳኛ ሆኗል። እንዲህ ያለ ምክር ተቀብለው በ20ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ የጻፉትን ወረቀት ከዓመታት በኋላ እንደ ክስ ጽሑፍ የሚያነቡ ሰዎች አሉ። ለምክሩ ድጋፍ ሆነው ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከልም ፈጽሞ የሌለ አለ፤ ከጥናቶች ግኝት ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭም አለ። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አነሣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስለ 3 በመቶዎቹ

ጽሑፉ የሚጀምረው ብዙዎቻችን በሰማነው ታሪክ ነው። በ1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት ተማሪዎች መካከል ግባቸውን በጽሑፍ ያሰፈሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ሲታይ የእነዚህ ጥቂቶች ሀብት የቀሪዎቹ 97 በመቶ ሀብት ተደምሮ ከሚደርስበት በልጦ ተገኘ ይላል።

ይህ ጥናት አልተደረገም። በ1996 አንድ የአሜሪካ የንግድ መጽሔት የታሪኩን ምንጭ ሊያገኝ ዱካውን ተከታትሎ ነበር። ታሪኩን በየመድረኩ የሚጠቅሱት አነቃቂ ተናጋሪዎች አንዱ ወደ ሌላው ከመምራት በቀር ጥናቱን በዓይኑ ያየ አልተገኘም። ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን እንዲህ ያለ ጥናት ስለ መደረጉ ማስረጃ እንደሌለው አሳውቋል። ይኸው ታሪክ ስሙና ዓመቱ ተቀይሮ «ሃርቫርድ፣ 1979» ተብሎም ይነገራል። ጸሐፊው የፈጠሩት አይደለም፤ እንደ ሌላው ሰው ሰምተው አስተላለፉት። ግን የሰውን የወደፊት ሕይወት የሚመራ ምክር ሲጻፍ መሠረቱን መመርመር የጸሐፊ ግዴታ ነው።

የሚያስቆጨው ደግሞ እውነተኛ ማስረጃ እያለ መሆኑ ነው። በካሊፎርኒያ ዶሚኒካን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር የነበሩት ጌል ማቲውስ ሰዎችን በአምስት ቡድን ከፍለው ለአራት ሳምንታት ተከታትለዋል፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 149 ነበሩ። የመጀመሪያው ቡድን ግቡን በሐሳቡ ብቻ ያዘ፤ ሌሎቹ ጻፉ። የጻፉት ካልጻፉት የተሻለ አከናወኑ። ከሁሉም የበለጠው ግን የጻፈውን ይዞ በየሳምንቱ የደረሰበትን ለአንድ ወዳጁ ሲያሳውቅ የቆየው ቡድን ነው። አራት ሳምንት አጭር ጊዜ ነው፤ ስለ ሀብትም የሚናገረው ነገር የለም። ቢሆንም አንድ ጠቃሚ ነገር ይነግረናል፦ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ በየጊዜው ተመልሶ የሚታይ መሆን አለበት። «ጻፈውና አትንካው» ከሚለው ጋር ይህ አይገጥምም።

ጸሐፊው ቀድሞ ስለ መጀመር የተናገሩት ግን ትክክል ነው፤ እኔም ቁጥር ልጨምርላቸው። በየዓመቱ 7 በመቶ የሚያድግ ገንዘብ ትርፉ ሳይነካ ቢቀመጥ በ10 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ30 ዓመት ከሰባት እጥፍ ተኩል ያልፋል፤ በ40 ዓመት 15 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። አሥር ዓመት ዘግይቶ የጀመረ ሰው በመጨረሻው የሚያገኘው ግማሹን ነው። ቁጠባን በሚመለከት ከዚህ የጠነከረ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ምክንያት አላውቅም።

ስለማይለወጠው ግብ

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ይህ ነው፤ የእኔም ተቃውሞ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው «ግቡን የሚለውጥ ሰው ራሱን ይከዳል» ይላሉ። የትኛውን ራሱን?

በ2013 ዮርዲ ኳድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርት እና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 68 የሆኑ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ የጥናት ውጤት አሳተሙ። ከተሳታፊዎቹ ገሚሶቹ ባለፉት አሥር ዓመታት ጠባያቸው፣ ለእሴት የሚሰጡት ቦታና ምርጫቸው ምን ያህል እንደተለወጠ ተጠየቁ፤ ገሚሶቹ ደግሞ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ምን ያህል ይለወጣል ብለው እንደሚያስቡ። በየትኛውም የዕድሜ ክልል መልሱ አንድ ዓይነት ሆነ፦ ወደ ኋላ ያዩት ብዙ ተለውጫለሁ አሉ፤ ወደ ፊት ያዩት ግን ብዙም አልለወጥም አሉ። ሰው በ20ውም በ50ውም «እንግዲህ ማንነቴ ተጠናቋል» ብሎ ያስባል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲጠየቅ ግን እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ይህ ለዕቅድ ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። በ22 ዓመቱ የአሥር ዓመት ግብ የሚጽፍ ወጣት ገና ለማያውቀው የ32 ዓመት ሰው ነው የሚጽፈው። ያ ሰው ሌላ ነገር ሊወድ ይችላል፤ ወላጅ ሊሆን ይችላል፤ ታሞ ሊድን ይችላል፤ በ22 ዓመቱ ስሙን እንኳ ያልሰማውን ሙያ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ሰው ለትንሹ ምኞት ባሪያ ይሁን ማለት ታማኝነት አይመስለኝም።

አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ የጻፈችውን ወረቀት አሳይታኛለች። ከደብተር የተገነጠለ አንድ ቅጠል ነው፤ አራት ቦታ ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ ሊቀደድ ደርሷል። «በ32 ዓመቴ የራሴ የጥብቅና ቢሮ ይኖረኛል» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ሕግ ተማረች፤ በአንድ የጥብቅና ቢሮም ሠራች። እዚያ ሳለች ጉዳዮች ፍርድ ቤት ከመድረሳቸው በፊት ተከራካሪዎችን ቁጭ አድርጎ የማስማማት ሥራ ላይ ተመደበች፤ ተሰጥኦዋም እዚያ እንደሆነ አወቀች። ዛሬ ሙያዋ ይኸው ነው፤ በሥራዋም ትወደዳለች። ወረቀቱን ያሳየችኝ ግን እያፈረች ነበር። «ያሰብኩትን ያላደረግኩ ሰው ነኝ» አለችኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ከተሰመረበት ዓረፍተ ነገር በታች በደቃቅ ጽሕፈት ሌላ መስመር አለ፦ «ምክንያቱም ሰዎች በክርክር ብዛት ጠላት ሆነው እንዳይቀሩ ልረዳ እፈልጋለሁ»። ይህንን ሳነብላት ዝም አለች። ለዓመታት ስታፍርበት የኖረችው ወረቀት የሥራዋን ዓላማ በትክክል ይናገር ነበር። ያልተፈጸመው ዓላማው የሚለብሰው መልክ፣ ቢሮው ብቻ ነው። የአሥር ዓመት ዕቅድ የሚጽፍ ሰው ከግቡ ይልቅ «ምክንያቱም» ብሎ ለሚጀምረው መስመር እንዲጨነቅ የምመክረው ስለዚህ ነው። ግቡ ሲለወጥ ያ መስመር ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። ካልቆየም፣ ምክንያቱ ራሱ ከተለወጠ፣ አሮጌውን ግብ አጥብቆ መያዝ ከመቼውም የበለጠ ትርጉም ያጣል።

ጸሐፊው ሊመልሱልኝ የሚችሉትን አውቃለሁ፦ «እንዲህ ካልን ሰው ሁሉ ገና ሲከብደው ግቡን ይለውጣል»። ተገቢ ሥጋት ነው። መፍትሔው ግን ለውጥን መከልከል አይደለም፤ ለለውጥ ቀጠሮ መስጠት ነው። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ይወሰን፤ ዕቅዱ የሚከለሰው በእነዚያ ቀናት ብቻ ይሁን። ፈተና በወደቀበት ምሽት፣ ከአለቃው ጋር በተጣላበት ሳምንት ዕቅዱን ለመቅደድ የተነሣ ሰው ቀጠሮው እስኪደርስ ይጠብቅ። ድካም ከሆነ እስከዚያ ይበርዳል፤ እውነተኛ ለውጥ ከሆነ ቀጠሮው ሲደርስም እዚያው ይገኛል። በዚያን ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ቀላል ነው፦ ይህን መንገድ እስካሁን ያልጀመርኩት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የማውቀውን እያወቅኩ እጀምረው ነበር? መልሱ አይደለም ከሆነ እስካሁን የወጣው ጊዜና ገንዘብ ለመቀጠል ምክንያት አይሆንም፤ ቢቀጥልም ባይቀጥልም ወጥቷልና።

ካርስተን ሮሽ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ2003 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች ሊደረስበት የማይችልን ግብ መልቀቅና በምትኩ ሌላ ትርጉም ያለው ግብ መያዝ የሚችሉ ሰዎች የተሻለ የአእምሮ ደኅንነት እንዳላቸው አሳይተዋል። ሁለቱም ክፍል አስፈላጊ ነው፤ ለቅቆ ባዶ እጅ መቅረትም ይጎዳል። ጽናትን የሚያወድስ ሰው ይህንንም የችሎታ ዓይነት አድርጎ ሊቆጥረው ይገባል።

ለወጣቶች አንድ ነገር ልጨምር። ኤድዊን ሎክ እና ጋሪ ላታም በግብ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የሠሩ ሰዎች ናቸው። የታወቁበት ግኝት ጸሐፊውን ይደግፋል፦ ግልጽና ከበድ ያለ ግብ «የምችለውን አደርጋለሁ» ከሚል ልቅ ሐሳብ የተሻለ ውጤት ያመጣል። ነገር ግን ሥራው አዲስና የተወሳሰበ ሲሆን የውጤት ግብ ሊያደናቅፍ እንደሚችል፣ በዚያን ጊዜ የመማር ግብ እንደሚሻል ላታም ከሌሎች ጋር ባደረጓቸው ጥናቶች ታይቷል። ገና ዓለሙን ለማያውቅ ወጣት «በ30 ዓመቴ ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ» ከማለት «በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሥራ በቅርብ አይቼ የሚስማማኝን እለያለሁ» ማለት ይበልጥበታል።

ስለ ተቆረጠው ቀን

ጸሐፊው ቀን ቁረጥ ይላሉ፤ ቀኑ እንዴት እንደሚቆረጥ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው በዚህ ክፍተት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ሰዎች የራሳቸው ሥራ የሚወስደውን ጊዜ አሳንሰው የመገመት ልማድ እንዳላቸው ጻፉ። በ1994 ሮጀር ቡህለር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን የመመረቂያ ጽሑፍ በሚያዘጋጁ ተማሪዎች ላይ ፈተሹት። ተማሪዎቹ በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን አሉ። ሁሉ ነገር ሊበላሽ እስከሚችለው ድረስ ቢበላሽስ ተብለው ሲጠየቁ 49 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው 56 ቀን ገደማ ነው። የክፉ ቀን ግምታቸው እንኳ ከእውነታው አነሰ።

ካህነማን ራሳቸው ከዚህ አላመለጡም፤ ታሪኩን ደጋግመው ተናግረውታል። በእስራኤል ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዲስ ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ ሳሉ እያንዳንዱ አባል ሥራው መቼ እንደሚያልቅ በወረቀት ጽፎ እንዲያቀርብ ተደረገ። ግምቱ ሁለት ዓመት አካባቢ ሆነ። ከመካከላቸው የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ የሆኑት አባል ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ ሌሎች ቡድኖች ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባቸው ሲጠየቁ ጥቂት አሰቡና 40 በመቶ ያህሉ ጭራሽ አለመጨረሳቸውን፣ የጨረሱትም ከሰባት ዓመት በታች እንዳልፈጀባቸው ተናገሩ። እኚሁ ባለሙያ ከጥቂት ደቂቃ በፊት እንደ ሌሎቹ ሁለት ዓመት ገደማ ብለው ጽፈው ነበር። ቡድኑ ሰምቶ ሥራውን ቀጠለ፤ የመማሪያ መጽሐፉ ያለቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ በሥራ ላይም አልዋለም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀን አትቁረጡ የሚል አይደለም። ቀኑን ከራሳችሁ ምኞት ሳይሆን በዚያ መንገድ ካለፉ ሰዎች ተቀበሉ የሚል ነው። በማታ ትምህርት ዲግሪ ለመያዝ ያሰበ ሰው ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ዓመት ትቶ እየሠሩ የተማሩ አምስት ሰዎችን ይጠይቅ፦ ስንት ዓመት ፈጀባችሁ? የት ላይ ቆማችሁ? ስንቶቻችሁ አቋረጣችሁ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በአንድ ምሽት ስሜት የተቆረጠ ቀንም እንዲሁ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ሰውየው ግምቱን መጠርጠር ሲገባው ራሱን መጠርጠር ይጀምራል።

ስለ ማለዳው ምናብ

«ስኬትህን በየማለዳው ተመልከት» የሚለው ምክር ደስ ይላል፤ ችግሩም ያ ነው። ጋብሪኤሌ ኦቲንገን እና ዶሪስ ማየር በ2002 ባሳተሙት ጥናት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። ስለሚያገኙት ሥራ አዘውትረው ጣፋጭ ምናብ የሚያዩት ያስገቡት ማመልከቻ ያነሰ፣ ያገኙት የሥራ ጥሪም ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በልምዳቸው ተመሥርተው ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት ግን የተሻለ ውጤት አገኙ። ተስፋ ማድረግና ማለም የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚሉት ምናቡ ገና ያልተሠራውን ሥራ እንደተሠራ እያስመሰለ ጉልበት ይወስዳል።

የሚጠቅም ምናብም አለ። በ1999 በታተመ ጥናት ሊየን ፋም እና ሼሊ ቴይለር ፈተና የሚጠብቃቸውን ተማሪዎች ለያይተው አንዱን ቡድን ጥሩ ውጤት ሲያገኝ ራሱን እንዲመለከት፣ ሌላውን ደግሞ ተቀምጦ ሲያጠና ራሱን እንዲመለከት አደረጉ። ጥናቱን ያሰቡት ቀድመው ማጥናት ጀመሩ፤ የተሻለ ውጤትም አመጡ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ያለውን ኃይል አሳይተዋል፤ በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ውጤቱ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ መሆኑን አገኙ።

በተግባር እንዲህ ይመስላል። «በሦስት ዓመት ውስጥ አዲስ ቋንቋ እችላለሁ» የሚል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በዚያ ቋንቋ ሲናገር ራሱን ከማየት ይልቅ ይህን ይጻፍ፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እራት ከተነሣ በኋላ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ለግማሽ ሰዓት አጠናለሁ። እንግዳ ከመጣ በማግሥቱ ከሥራ በፊት አጠናለሁ።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ እንግዳው መምጣቱ አይቀርምና።

ስለ 21 ቀን

እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ቁጥሩ የመጣው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ከነበሩት ማክስዌል ማልትዝ ነው። እርሳቸው በ1960 የጻፉት ታካሚዎቻቸው አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው ነው። «ቢያንስ» የሚለው በመንገድ ላይ ጠፋ። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን አጥንተው በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ልማድ ያለ ሐሳብ እስኪከናወን 66 ቀን ገደማ እንደሚወስድ፣ እንደ ሰውና እንደ ልማዱ ዓይነት ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ገምተዋል። አንድ ቀን ማለፍም ሂደቱን እንደማያበላሽ አይተዋል። በ22ኛው ቀን አሁንም ከአልጋው ለመነሣት የሚታገል ሰው ምንም ጉድለት የለበትም። ገና መንገድ ላይ ነው።

ለሁሉ አውጀው ስለሚለው

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተመልሶ አይያዝም። ጸሐፊው ይህንን ነው እንደ ጥቅም የቆጠሩት። በ2009 ጎልዊትዘርና ባልደረቦቻቸው ባሳተሟቸው ሙከራዎች ግን ማንነትን የሚመለከት ግብ፣ ለምሳሌ «ጥሩ የሕግ ባለሙያ መሆን»፣ በሌላ ሰው ዘንድ ከታወቀላቸው በኋላ ተሳታፊዎቹ ለዚያ ግብ የሚሠሩት ሥራ ቀነሰ። መታወቁ ራሱ የመድረስ ያህል ስሜት ስለሚሰጥ ነው ይላሉ ተመራማሪዎቹ።

ይህ ከማቲውስ ጥናት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። በዚያ ጥናት የረዳው የደረሱበትን በየሳምንቱ ለአንድ ወዳጅ መንገር ነው። ለሕዝብ «እንዲህ እሆናለሁ» ማለት ሌላ፣ ለአንድ የሚያምኑት ሰው «በዚህ ሳምንት ይህን ሠራሁ፣ ይህ ቀረኝ» ማለት ሌላ ነው። እፍረትን የዕቅድ ጠባቂ ማድረግ ደግሞ ከዚህ የከፋ ዋጋ አለው። ያፈረ ሰው ሲዘገይ እርዳታ አይጠይቅም፤ ይደበቃል። ይበልጡን ጊዜ ደግሞ የዘገየ ሰው የሚያስፈልገው እርዳታ ነው።

ስለ ሁለተኛው አማራጭ

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ከጠቀሱት የተሻለ ማስረጃ ስላላቸው እኔው ላቅርብላቸው። ጂሄ ሺን እና ኬቲ ሚልክማን በ2016 ባሳተሙት ጥናት አንድን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት «ባይሳካስ» ብለው ሌላ አማራጭ ያዘጋጁ ሰዎች በሥራው ዝቅ ያለ ውጤት አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ለመሳካት የነበራቸው ፍላጎት ቀነሰ። እውነት አለው። ግን ሙከራው ስለ አንድ አጭር ሥራ ነው። አሥር ዓመት የሚፈጅ የሕይወት ዕቅድ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚጠናቀቅ ተግባር አይደለም፤ በመሐሉ ድርጅት ይዘጋል፣ ጤና ይጎድላል፣ ሙያ ራሱ ከገበያ ይወጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለምክሩ የተገዛና ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ንግድ ላይ ያፈሰሰ የቤተሰብ ኃላፊ ቢከስር ኪሳራው የእርሱ ብቻ አይሆንም፤ ቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት አለ። እኔ የምለው የጥቂት ወራት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ፣ «ከዚህ መስመር ካለፈ አቆማለሁ» የሚል ወሰን ከመነሻው ይጻፍ፤ ከዚያ አማራጩን ዘግቶ ሙሉ ልብን ለሥራው መስጠት ይቻላል። ወሰኑ አስቀድሞ የተጻፈለት ሰው በየዕለቱ «ልተወው ወይስ ልቀጥል» እያለ አይብሰለሰልም።

ስለ ቁርጠኝነት

የጽሑፉ የመጨረሻ አንቀጽ ያልተሳካላቸውን ሰዎች «መሻታቸው ከልብ ስላልነበረ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከሁሉም የከፋኝ ይህ ነው።

ፈቃደ ጽናት ዕጣችንን ይወስናል የሚለው እምነት ብዙ ጊዜ የሚደገፈው ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በጀመሩት ሙከራ ነው፦ ሕፃን አንድ ጣፋጭ አሁን ይወስዳል፣ ወይም ታግሦ ቆይቶ ሁለት ያገኛል፤ የታገሡት ካደጉ በኋላ በትምህርት የተሻሉ ሆነው ተገኙ ይባላል። በ2018 ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ ከ900 በላይ ሕፃናትን ይዘው ደግመው ሲመረምሩት ግንኙነቱ ቀድሞ ከተነገረው ወደ ግማሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የቤተሰብ ሁኔታ፣ የቤት ውስጥ አካባቢና ሕፃኑ ቀድሞ የነበረው የአእምሮ ችሎታ ሲታሰቡ ደግሞ ከዚያም ሁለት ሦስተኛው ጠፋ። ትዕግሥት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ትዕግሥት ብለን የምናየው ነገር ብዙውን ጊዜ በሰውየው ዙሪያ ያለው ሁኔታ ጭምር ነው።

ዕቅዱ ያልተሳካለትን ሰው ከመውቀስ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ቀኑ የተቆረጠው ከማን ልምድ ተነሥቶ ነው? ሥራው ሰዓትና ቦታ ነበረው ወይስ «በትርፍ ጊዜ» ተብሎ ቀረ? የሚያስፈልገው ገንዘብና የሰው እጅ በጊዜው ነበረ? በመሐል ምን መጣ? እናቷ ታማባት ሦስት ዓመት ስታስታምም ትምህርቷን ያቆመችን ሴት አስቡ። በዚህ ጽሑፍ ሚዛን ግቧን የጣለች ናት። እኔ ግን ለእርሷ የምለው የሦስቱ ዓመታት ቀን በዕቅዱ ወረቀት ላይ ከነምክንያቱ ይመዝገብ፣ የተቆረጠው ቀን በሦስት ዓመት ወደፊት ይገፋ፣ ከሥሩም የምትመለስበት የመጀመሪያው ትንሽ ሥራ ይጻፍ ነው፦ ያለፈችባቸውን ኮርሶች ዝርዝር ከሬጅስትራር ቢሮ መውሰድ፣ የትኛው እንደሚያዝላት መጠየቅ፣ የቀረውን መቁጠር።